ዘንድሮ እንቁጣጣሽ የለም ያልሁበት ጳጉሜ

ይርጋዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ጠፍቶኝ ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቱን እያነሣሁ መልሼ አስቀምጫለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከአሥራ ስድስት ቀን ሆነ። ሙት ዓመትህን ከሰፈሩ ሰው ጋር አወጣን። ወንድምህም ከጎጃም መጥቶ ነበር። ጥቁሩን አውልቂ ሲሉኝ እሺ አላልሁም። ለምን እንደሆነ ለእነሱ አልነገርኋቸውም፤ ለአንተ ግን ልነግርህ ነው የተቀመጥሁት።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ሱቁ እንዳለ አለ። ክረምቱን ጣሪያው በጓዳው በኩል ሲያፈስ ከርሞ አሁን ተጠግኗል። ትራክተርህን ከአብርሃ ጅራ የመጣ ሌላ ሰው ይነዳዋል። ባለፈ ቁጥር ልጅህ ናቲ ድምፁን ከሩቅ ይለየዋል፤ ነገር ግን እንደ ድሮው ሮጦ አይወጣም፤ ቀና ብሎ ብቻ ሰምቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲናገር ያፏጫል። ትዕግስት አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። አነጋገሯ የአንተ ነው፤ ትንሽ ትናገርና ዝም ትላለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ትዝ ይልሃል፣ ትዕግስት ሦስት ዓመቷ ሳለ ሰዎች አደይ አደይ ሲሉ ሰምታ «አደይ ምንድን ነው?» ብላ የጠየቀችህ? አንተ አደይ ጋራውን ሸፍኖ እያየህ ያደግህ ሰው፣ ለአረም ሥራ ከደጋ ወርደህ እኔን አግብተህ እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ የቀረህ ሰው፣ ለልጅህ የምታሳያት አንዲት አደይ አጣህ። ቆላው በመስከረም አረንጓዴ ነው እንጂ እንደ እናንተ አገር ቢጫ አይለብስም። ያን ቀን ከድሮ ደብተር አንድ ወረቀት ገንጥለህ ሦስት ጊዜ አጠፍኸው፤ ጫፉን በመቀስ ክብ አድርገህ ቆረጥኸው፤ ስትዘረጋው ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ሆነ። ከሱቁ እርድ ወሰድህና በውሃ በጥብጠህ ቀባኸው። «ይችውልሽ አደይ» አልሃት።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ነበር። ዘር ተዘርቶ ትራክተሩ ሲቆም ቤት ትገባለህ፤ ጳጉሜ ሲጠባ ከሱቃችን ፊት በሣር በከደንኸው ራኩባ ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተህ ከልጆቹ ጋር ትቀመጣለህ። ብሩሽ መግዛት አያስፈልግም ብለህ የመፋቂያ ጫፍ በጥርሳችሁ ታኝኩ ነበር። ለቀይ ከርከዴ ትቀቅላለህ። በከርከዴው ላይ የአመድ ውሃ ጠብ ስታደርግበት ቀዩ ወደ ሰማያዊ ሲዞር የናቲ ጩኸት እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ሙጫው ከግራር ላይ የተለቀመ፣ የአበባው አገዳ የአምና ሰሊጥ ነው። ለሆሣዕና ዘንባባ ታስጎነጉናቸዋለህ፤ ለቡሄ ጅራፍ ታስገምዳቸዋለህ። ሁሉንም እነሱ በእጃቸው እንዲሠሩት ትተዋቸው ነበር፤ ቢጣመም አታቃናባቸውም።

እኔ አፍር ነበር፣ ይርጋ። ይህን በሕይወትህ ሳለህ ነግሬህ አላውቅም፤ ግን ሳታውቀው አትቀርም። ሽንኩርትና ዘይት ሊገዙ የሚመጡት ሴቶች «የጥሩዬ ባል ሙዓለ ሕፃናት ከፈተ!» እያሉ ሲስቁ አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ያራል። የሌላው ባል በበዓል ዋዜማ በግ ሲጎትት፣ የእኔ ባል ከሕፃናት ጋር ወረቀት ይቆርጣል እላለሁ በልቤ። በጉን አንተም ገዝተህ ጓሮ እንዳሰርኸው እያወቅሁ።

በመጨረሻው ጳጉሜህ በአራተኛው ቀን ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር። አንተ ጋቢ ደርበህ ተቀምጠሃል። መታመምህን ለማወቅ በዚያ ሙቀት ጋቢ መደረብህ ብቻ ይበቃኝ ነበር። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፤ ወባን ከእናቴ ጡት ጋር ነው ያወቅኋት። መቀሱ በእጅህ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ብለህ «ጥሩዬ፣ ነይ እስቲ፣ ይችን ከልጆቹ ጋር ጨርሽልኝ። እጄ እምቢ አለኝ» አልኸኝ።

ሰው ፊት፣ ልጆችህ ፊት፣ ምን ብዬ መለስሁልህ? «እጅህ እምቢ የሚለው ሥራ ሲሆን ብቻ ነው እንዴ? እኔ እዚህ ደፋ ቀና እላለሁ፣ አንተ አበባ ትቆርጣለህ!» አልሁህ። ሴቶቹ ሳቁ። አንተም ፈገግ አልህና መቀሱን በሁለት እጅህ ይዘህ ቀጠልህ። የቀረውን እስከ ማታ ድረስ ከልጆቹ ጋር ጨረስኸው።

አላየሁም ነበር ብል ውሸት ነው። አይቻለሁ። መንቀጥቀጥህን አይቼ ነው የተናደድሁት፤ በዓል ሲደርስ ልትተኛብኝ መሰለኝ።

በእንቁጣጣሽ ዕለት ልጆቹ አበባቸውን ይዘው ሲወጡ በራፉ ላይ ቆመህ ሸኘሃቸውና ተመልሰህ ተኛህ። ደክሞት ነው አልሁ። ምሳ አልበላ ስትል አኩርፈህ መሰለኝና እኔም አኮረፍሁ። በማግሥቱ ስትቃዥ ነው የደነገጥሁት። ጤና ጣቢያ የመረመረህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ «እቴ፣ ትናንት እንኳ ብታመጭው ጥሩ ነበር» አለኝ። ይህን ቃል ለማንም አልተናገርሁትም። ለእናትህም፣ ለወንድምህም፣ ለንስሐ አባቴም። ጥቁሩን ያላወለቅሁትም ለዚህ ነው። ወደ ጎንደር ይዘንህ ስንወጣ ጭንቅላትህን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። የነጋዴ ባሕርን ከተማ ካለፍን በኋላ እኔን ማወቅ ተውህ፤ አይኬል ሳንደርስ እጅህ በእጄ ውስጥ ከበደኝ። መስከረም ሦስት ነበር፤ ረፋድ ላይ።

ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፍሁት አላወራህም። ገና ዝም ብሎ አለፈ። ለሆሣዕና ትዕግስት ዘንባባ ከቤተ ክርስቲያን ይዛ መጥታ ቀለበት ሳትሠራበት ጥግ ላይ አስቀመጠችው፤ እዚያው ደረቀ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ሐዘን ነው ብዬ ተውሁት። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ መቀስና ወረቀት ሳይ የምሆነውን ስለማውቅ ልጆቹ ባያነሡብኝ እመርጥ ነበር።

አሁን ባለፈው ጳጉሜ አራት ናቲ መጥቶ ቀሚሴን ያዘኝና «እማ፣ አበባ መቼ ነው የምንሠራው?» አለኝ። ማቅ እንደለበስሁ፣ ስኳር እየመዘንሁ፣ ሳላስብ «ለእኛ ቤት ዘንድሮ እንቁጣጣሽ የለም» አልሁት። እሺ ብሎ ሄደ። ልጅ እሺ ሲል የገባው ይመስለናል።

በማግሥቱ እያለቀሰ መጣ። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ዘንድሮ እንቁጣጣሽ የለም ብሎ ነግሯቸው ስቀውበታል። ግን ያስለቀሰው መሳቃቸው አልነበረም። «እማ፣ እንቁጣጣሽ ከሌለ እኔ ስድስት ዓመት አልሞላም ማለት ነው? ትምህርት ቤትም አልገባም?» አለኝ። ለካ አንተ አምና «እንቁጣጣሽ ሁለቴ ሲመጣ ስድስት ዓመት ሞልቶህ አንደኛ ክፍል ትገባለህ» ብለኸው ኖሯል። ልጄ ሌሊቱን ዓመቱ እኛን ትቶን ሊያልፍ ነው ብሎ አስቦ አድሯል።

መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ቀጥሎ ንዴቴን ትዕግስት ላይ አዞርሁት፤ እንደ ልማዴ። «አንች ትልቋ ለምን አላስረዳሽውም? አንድ አበባ እንኳ ብትቆርጭለት ምን ነበረበት?» አልኋት።

«እኔ አበባ አልሠራም» አለች።

«ለምን?»

ጣቷን እየጎተተች መሬት መሬት ስታይ ቆየችና «አባ ያኔ አሞት ነበር። እኛ ሥራልን ባንለው ተኝቶ ይድን ነበር። አንችም ብለሻል» አለች።

«እኔ ምን አልሁ?»

«‹እነዚህ ልጆች አበባ አበባ እያሉ ይጨርሱሃል› ብለሻል።»

ይርጋዬ፣ ይህን ማለቴን ረስቼው ነበር። ያን ቀን ያልሁህን ሁሉ አንድ በአንድ የማስታውስ ይመስለኝ ነበር፤ በየቀኑ እያነሣሁ ራሴን ስገርፍበት ዓመት ሞላኝ፤ ከሁሉ የከፋችዋን ቃል ግን ረስቻታለሁ። ልጄ አልረሳቻትም። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ አባቴን የገደልሁት እኔ ነኝ ብላ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስትተኛ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የራሴን ጥፋት አስታምም ነበር።

ሱቁን ዘጋሁት። የበዓል ዋዜማ ነው፤ ሰው በራፉ ላይ ቆሞ «ምነው ጥሩዬ?» እያለ ዘጋሁት። ምንጣፉን ራኩባው ሥር ዘርግቼ ሁለቱንም አስቀመጥኋቸው። ለንስሐ አባቴ ያልነገርሁትን ለእነሱ ነገርኋቸው። «አባታችሁን የገደለው ወባ ነው። መታመሙን አይቼ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት የመውሰዱ ነገር የእኔ ሥራ ነበር፣ የእናንተ አልነበረም። እናንተ ደስ አሰኛችሁት እንጂ አልጎዳችሁትም። ያን ክፉ ቃል የተናገርሁት ተናድጄ ነው፤ እውነት አልነበረም» አልኋቸው።

ናቲ አፍ አፌን ያይ ነበር። ትዕግስት «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለች።

«ፈርቼ።»

«ምንን?»

«እንዳትጠይኝ።»

አልጠላሽም አላለችኝም። እኔም በይኝ አላልኋትም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ልታለቅስ ነው ብዬ ልከተላት ስል መቀሱን ይዛ ወጣች። ፊቷ ግን እርጥብ ነበር።

ከዚያማ ምን ልበልህ፣ እንዴት ያለሁ መሃይም ነኝ! ሦስት ጊዜ አጥፌ ቆረጥሁና ስዘረጋው ስምንት ቦታ ተበጣጥሶ መሬት ፈሰሰ። ለካ የሚቆረጠው በውጭው ጫፍ ነው፤ እኔ መካከሉን ነው የቆረጥሁት። ናቲ በወለቀ ጥርሱ እስኪያፏጭ ሳቀ። ትዕግስት እጄን ይዛ እንደ አስተማሪ «እዚህ ጋ፣ እማ። አትቸኩይ» እያለች አሳየችኝ። እርዱን አበዛሁትና ጣቶቼ ቢጫ ሆነው ሳምንት ከረሙ። አመድ ውሃው ሲጨመር ከርከዴው ሰማያዊ ሲሆን እኔም ጮኽሁ። ያን ሁሉ ዓመት በሁለት እርምጃ ርቀት ስትሠሩት አንድም ቀን ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር።

የቀን ሥራ ለመፈለግ የመጣ አንድ ሰው፣ ዘንቢሉን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ውሃ ለመጠየቅ ቆመ። ጠጥቶ ሲያበቃ አልሄደም፤ ቁጢጥ ብሎ ልጆቹን ያይ ጀመር። «እሜቴ፣ ካላስከፋሁ አንዲቱን ቢሰጡኝ። ለልጄ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ አገሬ ስገባ የማደርስላት» አለኝ። አነጋገሩ የአንተ አገር ነው። ፊቴን አዞርሁ። ናቲ አበቦቹን ሁሉ ከደረደረ በኋላ ከመካከላቸው ትልቁን መርጦ ሰጠው። ሰውየው እንዳይጨማደድ ብሎ ሸሚዙ ውስጥ በደረቱ በኩል አስገብቶት ሄደ።

በእንቁጣጣሽ ጧት ልጆችህ ወጡ። ትዕግስት አሁንም አንዳንዴ ታየኛለች፤ ምን እያሰበች እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን ስታድግ ትጠይቀኝ ይሆናል፤ ስትጠይቀኝም እመልስላታለሁ። ናቲ ስድስት ዓመቱ ሞልቶ አንደኛ ክፍል ገብቷል።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ ብትለኝም የምሰማበት ጆሮ የለኝም። ከእኔ የሚቻለውን ግን ቃል ልግባልህ። አንዳንድ ሰው ሙቱን ሲያስታውስ የራሱን ክፋት ደብቆ ያስታውሳል፤ እኔ እንዲያ አላደርግም። በየጳጉሜው ከልጆችህ ጋር እቀመጣለሁ፤ እንዴት ያለ አባት እንደነበርህ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ያን ቀን ምን እንዳልሁህም አብሬ እነግራቸዋለሁ፤ አንዲት ቃል ሳልቀንስ። አንተን ሳስታውስ ፈገግ ብለህ ዝም ያልኸኝን ሰው ነው የማስታውሰው፤ ያን ዝምታህን ደግሞ እስክሞት አልረሳውም።

ጥሩወርቅ