የዘንዶዋን ውጊያ አንተ ምራው

መሳይ፣

ብድሬ ከተማ ሄደህ ተማሪ ፈትን ተብዬ ሚኒባሱ በር ላይ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው። የዛሬውን የዳይስ ተረታችንን፣ እኔ ዘንዶዋን ሆኜ የምተርክላችሁን ጨዋታ፣ አንተ ምራው።

ዮዲና ሀይሚ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ድንች ቀቅያለሁ፤ ሚጥሚጣው መስኮቱ ላይ ነው።

እንደምታውቀው ጀግኖቻቸው ዋሻው ውስጥ ደክመው ነው የቀሩት። የዮዲ ቀስተኛ ሦስት ቀስት ብቻ አላት፤ የሀይሚ ሐኪም መድኃኒት ጨርሳለች። ዘንዶዋ ግን ገና አልተነካችም። አታለዝባት፤ ጨዋታው ይሞታል። ብቻ መሸሻ ተውላቸው። "ምን ፈልጋ ነው የምትዋጋው?" ብለው ከጠየቁህ፣ እንቁላሎቿን እየጠበቀች እንደሆነ ንገራቸው። ምናልባት ሳይዋጉ ያልፋሉ።

ሌላም ነገር አለ።
ባለፈው እሁድ ዘንዶዋ ያንተን ጦረኛ ስትረግጠው ዳይሱ የሚገድለው ስድስት አልወጣም።
አራት ነበር።
በዮዲና በሀይሚ ፊት ስላረምከኝ ተናድጄ፣ ስድስት ነው ብዬ ቶሎ አነሳሁት።

ስለዚህ ጦረኛህ አልሞተም። ከድንጋዩ ጀርባ ቆስሎ ተኝቷል። ልጆቹ ሲጨንቃቸው ይዘኸው ግባ።

እንዴት እንደተረፈ ይጠይቁሃል። እውነቱን ንገራቸው፤ እኔ በሌለሁበት ይሳቁብኝ።

ነጋቲ፣ ደህና ሁን፣
ኃይለልዑል