ልጄን ከነሹራቧ ለመዘነው ክፍል

ለተከበሩ የሕፃናትና ወጣቶች ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ምግብስ ይስማማዎታል? እርስዎ የእኛን ቤት ገበታ ጠይቀው ስለማያውቁ፣ እኔ የእርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ መብላት ያቆመች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናት። በካርዷ ላይ «እናትየዋ ጭንቀት ያበዛሉ» ተብሎ የተጻፈልኝም እኔው ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቅልጥፍናችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክፍልዎ ጊዜ ላለማባከን ሲል ልጆቹን ጫማ ብቻ አስወልቆ ከነሹራባቸው ሚዛን ላይ ያወጣል። በዚህ ብልሃት ልጄ በየቀጠሮው ስትጨምር ሰነበተች፤ ነርሷም ጎበዝ እያለች አሞገሰቻት። እኔ ግን ፀጉሯን ሳጥባት የትከሻዋ አጥንት እጄን ይወጋኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ልጅቷ እያለቀችብኝ ነው ብልዎት፣ ከካርዱ ላይ ቀና እንኳ ሳይሉ እናት ስትረጋጋ ልጅ ትበላለች አሉኝ። ታዛዥ ነኝና ተረጋጋሁ። አንዲት ማንኪያ ከሳህን እስክትነሳ ሃያ ደቂቃ ስጠብቅ ፈገግ እላለሁ፤ ከገበታ ስትነሳ ጆሮዬ እስከ መታጠቢያ ቤት በር ይከተላታል፣ አሁንም ፈገግ እላለሁ። ባለቤቴ አብሯት መቀመጥ አቅቶት ምሳውን መሥሪያ ቤት ቆሞ ይበላል። አንድ ቀን ታዲያ መረጋጋቱ አለቀብኝና ማንኪያውን በግድ አፏ ውስጥ ከተትኩት። ከንፈሯ ደማ። ራሴን ጠላሁት። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው እሷን እንጂ እርስዎን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ያን ሹራብ ላጥብ ሳነሳው ከበደኝ። ጠርዙን ስፈታው፣ መጋረጃ በነፋስ እንዳይነሳ ከታች የምንሰፋቸው ትንንሽ ብረቶች ተደርድረው አገኘሁ። ከሱቄ ሲጠፉ ሠራተኛዬን ጠርጥሬ ስንት ጊዜ ያኮረፍኳት በእነሱ ነበር። ስፌቱ እኔ ራሴ ያስተማርኳት ስፌት ነው፤ ንጹሕ፣ ከውጭ የማይታይ። ሁለት ኪሎ ከግማሽ ሆኑ። ብረቱን ተሸክሜ ስመጣ፣ ካርዷ ላይ መሻሻል ስለተጻፈ ተኝታ የምትታከምበት አልጋ እንደማይገባት፣ ቀጠሮዋም ከሁለት ወር በኋላ እንደሆነ በትሕትና ተነገረኝ። የተሻሻለው ብረቱ ነው ብል፣ የተጻፈ አይሰረዝም ተባልኩ። ወይ ጉድ! እኔ ስንት መጋረጃ ተርትሬ እንደገና ሰፍቻለሁ፤ የእናንተ ብዕር ግን አንዴ ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው።

አራተኛ ብዬ አላደክምዎትም። ልጄ ሁለት ወር አትቆይም። ደግመው ይመዝኗት፣ አልጋ ይስጧት፤ ከዚያ በኋላ ስለ እኔ የፈለጉትን ይጻፉ።

ለወንበርዎ ምቾት፣ ለብዕርዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የልጅቷ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለሰው ከማሳየቴ በፊት ለልጄ ሰጠኋት። ትቀደዋለች ብዬ ነበር። አንብባ ስትጨርስ ግን «እማዬ፣ ሹራቤን አስወልቀው ይመዝኑኝ በያቸው፤ እኔ መናገር አቃተኝ» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት በርዎ ላይ ነን። ሥራ ከበዛብዎ እኔ አወልቅላታለሁ፤ እርስዎ ግን ቆመው ያያሉ።