ልጄን ያወጣሁበት ሚዛን

አርብ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2015

ዛሬም ደመናው መጣና ሄደ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በቆሎ የሚጠይቅ ብዙ፣ የሚወስድ ጥቂት።

ለነገ፦
1. የጣራውን ቆርቆሮ ማስመታት (ዝናቡ ከመጣ... ይመጣ ይሆን?)
2. የደም ግፊት ኪኒን። አራት ፍሬ ቀርቷል።
3. የሱቁን ሚዛን መወልወል፣ ዘይት መቀባት።
4. ኑኃሚን ከዶሎ ኦዶ ትመጣለች። ስምንት ሰዓት ላይ መናኸሪያ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

መኪናው ዘጠኝ ተኩል ላይ ገባ። ሰው ወርዶ አለቀ። ኑኃሚን የለችም። መንገድ ላይ፣ ፊልቱ ቀርታ ይሆን? አሟት ይሆን? ረዳቱን ልጠይቅ ስል አንዲት ቀጭን ሴት ሻንጣ ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

"አባዬ፣ ማንን ነው የምትፈልገው?"

የገዛ ልጄን!

ካየኋት ሁለት ዓመት አልፏል። ስኳር ሊይዝሽ ነው ብለው እንዳስፈራሯት አውቃለሁ። በእግሬ እየሄድኩ ነው፣ ጣፋጭ ተውኩ ትለኝ ነበር በስልክ። ግን እንዲህ ይሆናል ብዬ... ሃምሳ አራት ኪሎ ቀንሳለች። አንድ ሰው ሙሉ።

ሱቁ በር ላይ ከብት ነጋዴው ዱባ ተቀምጧል። የድሮ ደንበኛዬ ነው። "አካም፣ ናጋ?" አላት፣ ሳያውቃት። ማን እንደሆነች ስነግረው ጭኑን መታ። "ያ ዋቃ! ኩንታሏ የት ገባች? ይቺ እኮ ግማሽ ኩንታል ናት!"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሚዛኑን ዞራው አለፈች።

ልብሷ አሁንም ሰፊ ነው። ለምን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ምሳ በልተን ስናበቃ ነገረችን። አዲስ አበባ ሄዳ ሆዷን ልትቀደድ ነው። በሽታ የለም። ውፍረቱ ሲሄድ ቆዳው አብሮ አልሄደም፣ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ እሱን ቆርጠው ሊያነሱላት። ቀጠሮም ይዛለች።

የፈራሁት፦
1. ማደንዘዣው። ተኝቶ የቀረ ሰው አውቃለሁ።
2. ደም።
3. ቁስሉ ቢያመረቅዝስ?
4. ሰው ምን ይላል።

አፌ ላይ የመጣው አራተኛው ነው።

"በዚህ ዓመት? የሊበን ከብት ቆዳው ተንጠልጥሎ በየሜዳው በሚወድቅበት ዓመት አንቺ ቆዳ ልታስቆርጪ?"

"እኔ ምን የምሠራ ይመስልሃል አባዬ? የተራቡ ሕፃናት ስመዝን ነው የምውለው። ድርቁን ለኔ አትንገረኝ። ደግሞ አንድ ሕፃን ሚዛን ላይ ሳስቀምጥ መጋረጃ እዘጋለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"ታዲያ ልብስ ይሸፍነው የለም ወይ? ማን ያይብሻል?"

"አንተ አይተሃል። ገበያው በሙሉ አይቷል። ሚዛን ላይ አውጥተኸኝ!"

ባለቤቴ ሀረገወይን "ኑሂዬ፣ ተይ በቃ" አለች።

"የምን ሚዛን? አላስታውስም" አልኩ።

ኑኃሚን ተነስታ ሳህን ሰበሰበች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

አልተነጋገርንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

አስታውሳለሁ። ማንን ነው የምዋሸው፣ ደብተሩን?

የሚሊኒየሙ መስከረም ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ። ከትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው። ሱቁ ጢም ብሏል። ዱባ "ይቺ ልጅህ ከኩንታል በላይ ናት" አለ። "አትሞላም" አልኩ። በአንድ ለስላሳ ተወራረድን። "ኑሂ፣ ነይ እስቲ ውጪበት" አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ደብተሮቿን ከእጇ ተቀበልኳት... ክብደት እንዳይጨምሩ። የሚዛኑን ብረት ገፋሁ፣ ገፋሁ። ሰው ከበበን።

"ዘጠና ሦስት!" ብዬ ጮህኩ። አሸነፍኩ። አጨበጨቡ።

እሷ ያኔ መሳቅ አቁማ ነበር። አይቻለሁ። አይቼ ምን አደረግኩ? ለስላሳውን ሰጠኋት። ሱቁን ስዘጋ ክዳኑ ሳይነካ የበቆሎው ጆንያ ላይ አገኘሁት። ራሴ ጠጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ከተማው "ኩንታል" አላት። የክፍሏ ልጆችም። አንዳንዴ እኔም።

ዛሬ ልነግራት ፈልጌ ነበር። "ኑሂዬ" አልኩ። "አቤት አባዬ" አለች። "...ፍራሹ አልቆረቆረሽም?" አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ሄደች። በባጃጅ ሸኘኋት። እስከ መናኸሪያ ድረስ ስለ መንገዱ ጉድጓድ አወራሁ።

ሰኞ፣ ህዳር 5

ጎረቤቴ ፉዚያ፣ ጨርቅ የምትሸጠው፣ አንድ ጥቅል ስስ ነጭ ጨርቅ ሰጠችኝ። "ጋሼ፣ ይሄን ለኑሂ ይላኩላት። ሁልጊዜ የምታዘኝ ነው፣ እርሶ አያውቁም እንዴ?"

አላውቅም። ሀረገወይንን ጠየቅኳት።

"ከቆዳው እጥፋት ስር የምታደርገው ነው። በዶሎ ሙቀት ላብ ይይዘዋል፣ ይልጠዋል፣ ይቆስላል። በቀን ሦስቴ ትቀይረዋለች። ባለፈው እዚህ ስትመጣም እያጠበች መኝታ ቤት ውስጥ ነበር የምታሰጣው፣ አንተ እንዳታየው።"

"ለምን አልነገረችኝም?"

"ላንተ? እንደገና ገበያ ልታወጣት?"

ሀረገወይን እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም።

ማን ያይብሻል አልኳት እኮ! ቆስላ ተቀምጣ...

ማክሰኞ፣ ህዳር 20

ደወልኩላት። እንዳልረሳ ጽፌ ነው የደወልኩት፦
1. ጤና
2. አስታማሚ ሆኜ ልምጣ?
3. የሚዛኑ ነገር

አንደኛውን ተናገርኩ። ሁለተኛውንም።

"እማዬ ትበቃኛለች፣ አባዬ። አንተ ትጨነቃለህ። እዚያ ተኝቼ ያንተን ፊት ማየት አልችልም። አትቀየመኝ እሺ?"

"እሺ። ልክ ነሽ።"

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ኔትወርክ ተቋረጠ።

አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ታህሳስ 6

ሦስት ሰዓት ላይ አስገቧት። ሀረገወይን ደውላ ነገረችኝ።

አራት ሰዓት። ዝም።

አምስት ሰዓት። አንዲት ሴት አምስት ኪሎ ስንዴ አለችኝ፣ ሁለቴ መዘንኩላት፣ ሁለቴም ቁጥሩ ጠፋኝ።

ስድስት ሰዓት። ለምን አይደውሉም? የሚደብቁኝ ነገር አለ?

ሰባት ሊሆን ሲል ሀረገወይን ደወለች። ወጥታለች። ነቅታለች። ገና ምላሷ ሳይፈታ የጠየቀችው "አባዬ ኪኒኑን ይውጣል?" ብላ ነው አለችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ አልዋጥኩም። ሄጄ ዋጥኩ። ዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና... እንጃ። ደንበኛ ባይመጣ ጥሩ ነበር። መጣ።

አርብ፣ ታህሳስ 14

ወደ ቤታችን መግቢያው በሱቁ ነው። ሚዛኑ ደግሞ በሩ ስር። ለተወሰነ ጊዜ ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው ብላለች ሀረገወይን፣ ስፌቱ እንዳይሳብ። ጎብጣ በዚያ ሚዛን አጠገብ ልታልፍ? አይሆንም።

ውራጅ ብረት የሚሰበስበውን መኪና አስቆምኩ። አስጫንኩት። ወደ ሐዋሳ ሄደ። እዚያ ያቀልጡታል።

ዱባ በድሮ ማዕረጌ ጠርቶ አበድክ አለኝ። "ሃምሳ አለቃ፣ ከእንግዲህ እህሉን በምን ልትሰፍር ነው?"

"በጣሳ።"

"እንደ አያቴ!" ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። ለኑኃሚን አልነገርኩም። ስትገባ በዓይኗ ታየዋለች። ደስ ይላታል። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለል ብሎኝ ዋለ።

ሰኞ፣ ታህሳስ 24

መጣች። እናቷን ተደግፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንደ አሮጊት። ፉዚያ ወጥታ "እንኳን ማረሽ" አለቻት። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ።

ገና ከበሩ ስትገባ ቆመች። ሲሚንቶው ላይ የሚዛኑ አራት እግሮች ምልክት ቀርቷል። እሱን ታያለች።

"ሚዛኑስ?"

"አስወገድኩት። ላንቺ ብዬ ነው።"

ደስታዋን ጠበቅኩ።

"ለኔ?" አለች። ቀስ ብላ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። "አባዬ... እኔ እኮ ሆስፒታል ተኝቼም የማስበው እሱን ነበር። ቀና ማለት ስችል፣ በገበያ ቀን፣ ሱቁ ሙሉ ሆኖ፣ ዱባም ባለበት... ራሴ ልወጣበት። ብረቱን ራሴ ልገፋው። ቁጥሩን ራሴ ልናገረው። ከዚያ ልወርድ። በቃ፣ ይኸው ነበር።"

"ሌላ እገዛልሻለሁ።"

"ሌላው ምን ያደርግልኛል? እሱ አያውቀኝም።"

ከዚያ ሳቋ መጣ። ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። "ወይኔ ስፌቴ! አታስቁኝ!" አለች። ማንም ያሳቃት የለም። ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

ሀረገወይን ወደ ውስጥ አስገባቻት። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ሳልጠይቃት አወጣኋት። ሳልጠይቃት አነሳሁት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ተማርኩ?

ማክሰኞ፣ ታህሳስ 25

ጠዋት ፀሐይ ልሙቅ ብላ ሱቁ በር ላይ ተቀመጠች። ማንም አልነበረም። ወረቀት አልያዝኩም።

"ዘጠና ሦስት ነበርሽ" አልኳት። "ደብተሮችሽን ተቀብዬሽ ነው የመዘንኩሽ። ስትከፊ አይቻለሁ። አይቼ ነው የጮህኩት። ለስላሳውንም የጠጣሁት እኔ ነኝ።"

ዞር አላለችም። ጎዳና ጎዳናውን ታያለች። አንድ ባጃጅ አለፈ።

"አላስታውስም ብለኸኝ ነበር።"

"ዋሽቼሽ ነው።"

"እሱን አውቃለሁ። ያኔውኑ፣ በማግስቱ እንኳ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ አባዬ..."

አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳት። ይቅር አልኩህ አላለችም። አልጠየቅኳትም፣ ምን አፍ አለኝ?

ፀሐዩ ሲበረታ "ልግባ፣ አንሳኝ" አለች። ሁለት እጄን ወደ ብብቷ ሰደድኩ። ከዚያ ተውኩት።

"በየት በኩል ልያዝሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"በቀኝ" አለች። "ግራው ገና አልዳነም።"

በቀኟ ዞርኩ።