ታከለ በስሜ የተቀበለው ምርቃት

አባቴ፣ ከተለዩን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትዎን ጉና ግርጌ ባለው ቤትዎ ዘክረን ትናንት ወደ ደብረ ታቦር ተመለስኩ። ፊትዎ ቆሜ ብሆን የማይወጣኝን በወረቀት ልንገርዎ ብዬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ድንቹን ውርጭ መታው፤ ገብሱ ግን ተርፏል። በቅሎዎ አርጅታለች፤ ታከለ ጭነት አያስነካትም።

ዘፍጥረትን ሲያነቡልን ትዝ ይለኛል። ያዕቆብ ለዮሴፍ ብቻ ያማረ ልብስ አለበሰ የሚለው ጋ ሲደርሱ መነጽርዎን አውልቀው፣ ልጅን ከልጅ ማበላለጥ ያመጣውን ጉድ እዩ ይሉን ነበር። ያን ሲሉ እኔ አዲስ በርኖስ ለብሼ ጉልበትዎ ሥር ነኝ፤ ታላቄ ታከለ በተጣፈ ጋቢ በሩ ጋ ተቀምጧል። እኔን ተማሪ ቤት ሰደዱኝ፣ እሱን እርፍ አስጨበጡት። አንቱ ቄስ ሆነው እንዴት አላዩትም እንዳልል፣ እኔም ዓይን እያለኝ አላየሁም። ደልቶኝ ነበርና።

ዓይንዎ ከጠፋ በኋላ ሥራ በዛ፣ መንገዱ ጭቃ ነው እያልኩ ቀረሁ። ወንዛዬ ፍል ውሃ አውርዶ ጀርባዎን ያጠበዎት፣ ጎርሰው እስኪጠግቡ በእጁ ያበላዎት ታከለ ነው።

ከዝክሩ ማግስት ታከለ ለብቻዬ ጠራኝና፣ "ይበልጣል፣ ያንተ አደራ እኔ ዘንድ አለ" አለኝ። ሊያርፉ ሲሉ እጅዎን ዘርግተው "ይበልጣል፣ መጣህልኝ?" ብለውት ኖሯል። እኔ አይደለሁም ብሎ ሊያስከፋዎት አልሆነለትም። አቤት ብሎ ተንበረከከ፤ አንቱም ራሱን ዳብሰው በእኔ ስም መረቁት። ያዕቆብ የወንድሙን ምርቃት ለራሱ አስቀረ፤ የእኔ ወንድም ግን ሊያስረክበኝ ዓመት ሙሉ በቃሉ ይዞት ከረመ።

እጁን ራሴ ላይ ጭኖ አንድም ሳያስቀር አለልኝ። "ለሽበት ያብቃህ። ከደጅህ እህል አይጥፋ። እኔን እንደጦርኸኝ ልጆችህ ይጡሩህ።"

እኔ እንደጦርኩዎት ልጆቼ ከጦሩኝ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ታከለ በተንኮል አላለውም፤ እሱ ተንኮል አያውቅም። "አሜን በል እንጂ" እያለ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ ግን አሜን በማለት ፈንታ እግሩ ላይ ወድቄ ጉልበቱን ሳምኩት፣ እሱም ሐዘኑ የበረታብኝ መስሎት አጽናናኝ። አፍሬያለሁ አባቴ። ለሰው የማልናገረው እፍረት ነው።

እስካለሁ ድረስ አልረሳዎትም፤ በቅዳሴ ስምዎ ሲነሳ የታከለን ስም ከስምዎ አስከትዬ እጠራለሁ። አንቱም ካሉበት ሆነው አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ምርቃቱ እንዳለ ይሁን፣ ስሙን ብቻ ያስተካክሉለት።