ቆዳው ተመለሰ ወይ?

ጥቅምት 11 ቀን፣ ጠዋት

ለምሳሳልሽና ለምኮራብሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱ በረታብሽ? እናትሽም እኔም በጤና አለን፤ ከእፍረት ሌላ ያመመኝ ነገር የለም።

ትናንት የላክሽው መልእክት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «አባዬ፣ ቆዳው ተመለሰ ወይ?» ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሐኪም ካልሆንሽ ብዬ ባልነዘነዝኩሽ ኖሮ ይሄ ጥያቄ ባልመጣብኝ ነበር።

በቴሌቪዥን ያየሽው የተፈናቃዮቹን ድንኳን ክሊኒክ ነው። ድሮ እዚያ ስሠራ፣ ሹማምንት ሊጎበኙን ሲመጡ «ፎቶ ተነስተው ሊሄዱ ነው» እያልኩ ስሳደብ የኖርኩት ሰውዬ፣ የጤና ሚኒስትር ሆኜ በተራዬ ጠባቂና ካሜራ አስከትዬ ገባሁ። አንድ ሕፃን አቅፌ ሳለ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ሆዱን ቆነጠጠ። ሰውነቱ ውሃ ያላጣ ልጅ ቆዳው ወዲያው ይመለሳል፤ የዚያ ልጅ ግን እንደታጠፈ ጨርቅ ቆሞ ቀረ። ሰዉ የኮረኮርኩት መስሎት ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጄ፣ ሳቅሁ እኮ። ከዚያ ልጁን ለእናቱ መለስኩላትና ማይክሮፎኑ ጋ ሄጄ፣ ነጋዴና ጎብኚ እንዳይሸሽ ካቢኔው ያዘዘኝን ተናገርኩ፤ «ኮሌራ የለም፣ ተራ ተቅማጥ ነው» አልኩ።

ቤት ስገባ እናትሽ ዜናውን አይታ ጨርሳለች። ስንት ዓመት ከድንኳን ድንኳን አብራኝ የዞረች ነርስ መሆኗን ረስቼ፣ ንግግሬ እንዴት ነበር አልኳት።

«ያንን እጅህን አውቀዋለሁ» አለችኝ። ራቴን አቅርባልኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጁ በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጥቶት ተርፏል። ከጎኑ ከነበሩት ግን ያልተረፉ አሉ። ዓለም አቀፉ መሥሪያ ቤትሽ የኮሌራ ክትባቱን አዘጋጅቶ፣ በሽታው መግባቱን የሚገልጽ የእኛን ማረጋገጫ እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚፈርመው ደግሞ ያንቺው ጉደኛ አባት ነው። ሹመቱን የተቀበልኩት ከድንኳኑ ይልቅ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ብዙ ሰው አድናለሁ ብዬ ነበር። ወንበሩ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማን ነገረኝ።

ይህን ደብዳቤ ለአለቆችሽ አሳዪልኝ። የሚኒስቴሩን ማኅተም መትቼበታለሁ። ሲሰሙ ያባርሩኛል፤ እናትሽ እንደሆነች ምንም ሳልነግራት የድሮ ነጭ ጋዋኔን አጥባ አስጥታዋለች። አንቺ በዚህ እንዳትጨነቂ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳንልሽ። እኔን ያሳፈረኝ አንቺን አያግኝሽ።

አባትሽ፣ ዶክተሩ

መልሱን ሳልጽፍ ፖስታውን ልዘጋው ነበር። ቆዳው አልተመለሰም። ኮሌራ ነው።