አባባ የመረጠው መስመር

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ኮምፒውተር ፊት መቀመጡን ቻለው? ባለቤትህስ፣ ሕፃኗስ ደኅና ናቸው? እኛ አለን። አባባ ከጆሮው፣ እማዬ ከጉልበቷ፣ እኔ ደግሞ ካንተ በቀር የሚያመን የለም።

አትደንግጥ፣ እነግርሃለሁ። መሥሪያ ቤታችሁ ዓለም በሚቀጥሉት ሃያ አምስት ዓመታት ስንት ነዳጅ እንደሚያወጣ፣ ስንት እንደሚያቃጥልና በስንት እንደሚሸጥ የተነበየበት መጽሐፍ ደርሶናል። አባባ የነዳጅ ፍላጎቱ በመስመር የተሣለበትን ሥዕል ገንጥሎ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የት ብትል፣ የእኔ የሙያ ምስክር ወረቀት በነበረበት ምስማር ላይ። የእኔ አሁን መሳቢያ ውስጥ ከብሎን ጋር ተኝቷል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ይህን የሠራው ልጄ ነው» ይላል፤ የደንበኛውን መኪና የናፍጣ ፖምፓ ፈትታ የምትገጥመው ልጁ አጠገቡ ቆማ። ቅናት ነው ካልከኝ፣ አዎ ቅናት ነው፤ አንጀቴ አርሯል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ።

በዚህ ቢያበቃ ችዬው እኖር ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን አባባ ሱቁን ሊዘጋ እንደሆነ ነገረን። ለእኔ ሊያወርሰኝ ቃል የገባልኝን ሱቅ። የፖምፓ መፈተሻ ማሽኑን የሚገዛ ሰው አግኝቷል፤ በወሩ መጨረሻ መጥቶ ይጭነዋል። ለምን ብለው፣ «ወንድምሽ ከአሥር ዓመት በኋላ ናፍጣ የሚቀዳ አይኖርም ብሏል፤ በሚሞት ሙያ ልጄን አላስቀምጥም» አለኝ።

ሄጄ ሥዕሉን አየሁት። ለካ ሦስት መስመር አለው። ሁለቱ ቀጫጭን ናቸው፤ የታችኛው ግን ወፍራምና ቀይ ነው፤ ያለ መነጽር ለአባባ የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «መንግሥታት ሁሉ ነዳጅ ለመቀነስ የገቡትን ቃል ከጠበቁ» ይላል። መንግሥታት ሁሉ! እኛ እኮ የሱቃችን ደጅ ጉድጓድ እስኪደፈን ስድስት ዓመት የጠበቅን ሰዎች ነን። የመካከለኛውን በጣቴ ተከተልኩት፤ ለሃያ ዓመት ያህል ብዙም አይወርድም። ይህንኑ ለአባባ ባሳየው «ከወንድምሽ ልታውቂ ነው?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

አንተ የማታውቀውን አንድ ነገር ልንገርህ። ፖምፓ መፈተሻው ላይ ሲዞር አባባ እጁን ብረቱ ላይ ያደርግና የእኔን ፊት ያያል። ጆሮው ድምፁን መለየት ካቆመ ቆይቷል፤ ልክ መሆኑን የሚያውቀው ከፊቴ ነው። ለማንም አልተናገረም፤ እኔም እንዳወቅሁበት አላሳየሁትም።

ስለዚህ እባክህ ጻፍለት። የታችኛው መስመር «እንዲህ ከሆነ» ማለት እንጂ «ይሆናል» ማለት እንዳልሆነ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደሚመጣ እናንተም እንደማታውቁ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፍለት። ከወሩ መጨረሻ በፊት ይድረስ። እኔ እንደጠየቅሁህ ግን እንዳትነግረው። ሱቁን ካንተ አፍ ከምቀበል ይቅርብኝ ብዬ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሙያው ከሃያ ዓመት በኋላ ቢሞት ይሙት፤ እኔ የምፈልገው አባባ በሕይወት እያለ ፊቴን የሚያይበትን ቦታ ነው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ሕፃኗን አክስትሽ ናት ብለህ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማዬ ትስምሃለች፤ ሹራብህን እንዳትረሳ ብላለች። አባባም ሰላም ብሎሃል። ስምህን ሲጠራ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ጆሮው ስለማይሰማ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እህትህ
ከሱቁ፣ ከመፈተሻው አጠገብ
ግንቦት ዘጠኝ ቀን