በአንድ ገመድ የታሰረው ትራክተር

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2017

የገበሬዎች ማኅበራችንን ትራክተር ወደ ምዕራብ ዓባያ ለመውሰድ ጠዋት ተሳቢ ላይ ጫንነው። ሾፌሩ ከፊት በኩል በአንድ የናይሎን ገመድ ብቻ አሰረው።

«ሰንሰለት ጋቢና ውስጥ አለ አይደል? ከኋላም እሰረው እንጂ» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ጸልየን አይደል የምንወጣው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጋቢና ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

መንገድ ላይ ላንቴ የምትባል መንደር ጋ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ገመዱ ተበጠሰ። ትራክተሩ ተንሸራቶ ወረደና መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ ሴት ለጥቂት ተረፈች። ሙዟ ግን አስፋልት ላይ ተጨፍልቆ ቀረ።

ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ «ጌታ ጠበቀን» አለ። የተሰበሰበው ሰው «አሜን» አለ። እኔም አብሬ አልኩ።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች።

«ለምን በደንብ አላሰራችሁትም?» አለችኝ።

ሾፌሩን ጠላሁት። ያን «አሜን» ያለውን አፌን ግን ከእሱም በላይ ተጸየፍኩት።